የጋሽ ከቢር ሜትር

በየሰፈሩ፣ ሳይለካ ውሃ እንኳ የማይጠጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በስደት የምንኖርበት የዴም ሰፈር ክቡር ጋሽ ከቢር ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸውና። ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ የሚያምኑት ሜትር።

እኔ ደግሞ ድሮ ብረት የማነሳው ደስ ሲለኝ ነበር። ካላሰኘኝ እተኛለሁ፤ ጡንቻዬ ግን ያስቀና ነበር። የተሳፈርኩበት ረክሻ፣ ባጃጁ፣ ተገልብጦብኝ የተሰበረው ቀኝ እጄ ከጄሶ ሲወጣ፣ የኔ አልመስል አለኝ። ኦምዱርማን ዳቦ ቤት የሚያሠራኝ ሙስዐብ እስከ ኢድ እጠብቅሃለሁ አለ። የዱቄት ጆንያ መሸከም ካቃተኝ ኸላስ፣ ሌላ ሰው ይቀጥራል።

ጋሽ ከቢር ይህን ሲሰሙ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ክንዴን ለኩና ደብተራቸው ላይ ከደንበኛ ሱሪ በታች ጻፉኝ። ጀሪካን ውስጥ ሦስት ሊትር ውሃ ለክተው ጨመሩ። ዐሥር ጊዜ ማንሳት፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ስምንተኛው ላይ ብለምን አይሰሙ፤ ዐሥረኛው ላይ ጉልበት ቢተርፈኝ አይጨምሩ። በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ይጨመራል፣ አለቀ። ዛሬ ጥሩ ስሜት ላይ ነኝ ስላቸው፣ "ስሜትህን ሰላም በልልኝ፣ ስለሺ" ይላሉ።

አንዴማ የክንዴን ልክ ከአንድ ሐጂ ልክ ጋር አምታተው የሐጂውን ጀላቢያ እጅጌ በኔ ክንድ ልክ ሰፉት። ሐጂው እጄ አልገባም ብለው ሲጮኹ፣ ጋሽ ከቢር ሜትር አይሳሳትም ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ።

ይህን እያየሁ ማን ያምናቸዋል? አንድ ጠዋት ደስ ስላለኝ፣ እሳቸው ሳይመጡ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልቼ አነሳሁ። በማግስቱ ክንዴ አብጦ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ለኢድ የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

ጋሽ ከቢር አልተቆጡኝም። እብጠቱ እስኪጎድል ጠብቀው፣ ውሃውን ደፍተው፣ እንደገና ከሦስት ሊትር አስጀመሩኝ። ስፌታቸውን እየተዉ በየቀኑ አጠገቤ ቆሙ፤ የሰው ሱሪ ሳይሰፋ ተከመረ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለውን የሥጋ ዘመዴም አላደረገልኝ።

ቀኑ ሲደርስ ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግረው ኦምዱርማን መጡና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። የመጀመሪያውን ጆንያ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ሙስዐብ "ያላ፣ ወደ ውስጥ" አለኝ። ዱቄት የጫነው መኪና ባዶ እስኪሆን ተመላለስኩ።

ላቤን እየጠረግኩ ወደ ጋሽ ከቢር ሄጄ ስንት ጆንያ እንዳራገፍኩ ጠየቅኳቸው። ከንፈራቸው ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

"አልቆጠርኩም ልጄ" አሉኝ። "ዱዓ ላይ ነበርኩ።"