ሟቹ የሳቁበት ግምት

ቤት ሊገዛ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየዘመዱ መካከል የሰው ቤት ጥገና ስንት እንደሚፈጅ የሚገምት አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልጠራውም። እሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል፣ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይደቅናል፣ ከዚያም ሐኪም ክፉ ዜና ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ፊቱን ያጠቁራል።

የእኛ ቤተሰብ ገማች ክቡር በጅሮንድ አጎቴ ሊያን-ፋ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በታይዋኗ ኪሉንግ ወደብ በረዶ ፋብሪካ ቢሮ ተቀምጠው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚስማር ሲመቱ ያያቸው የለም። “ግድግዳ አይዋሽም” ይላሉ። ግድግዳው ምን እንዳለ ግን የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንዴ ከአፋቸው የወጣ ግምት ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም።

የአክስቴ ልጅ ቤት ሲገዛ ጣራውን አይተው “ይሄ እስከ መጪው አዲስ ዓመት ከቆመ ስሜን ቀይሩት” አሉ። ጣራው እስከ ዛሬ አለ፤ በሥሩ የፈረሰው የአክስቴ ልጅ ትዳር ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሌላ ቀን እኛ ቤት ልናይ ስንሄድ አንድ ሻጭ በሻይ ተቀበላቸው። ሻዩን ጠጡ፣ ድገሙኝ አሉ፣ ሁለተኛውን እየጠጡ የቤቱን ጉድ አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። ሰውዬው ደንግጦ እዚያ ቤት ማደር ትቶ እህቱ ዘንድ ገባ፤ ሽያጩንም ተወው። እኛም ቤቱን አጣን። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቱን አጣን።

ከዚያ ባለቤቴ ሹ-ፌን መበለቷ እማማ ጓን የሚሸጡትን ቤት አየች። ከወጥ ቤቱ መስኮት መርከብ ወደብ ሲገባ ይታያል። እጄን ጨብጣ ስትለቀኝ ጣቶቼ ነጭ ሆነው ነበር። እኔም ይሄን ቤት ፈልጌው ነበር፣ በጣም።

“ይሄ ቤት ካመለጠን” አለችኝ ቀስ ብላ፣ “አንተን ሳይሆን አጎትህን ነው የምፈታው።”

ከመግዛታችን በፊት ቤቱን እንድትመረምርልን መሐንዲሷን ወይዘሪት ፋንግን ቀጠርን። ማንም ሳይነግራቸው አጎቴ ቀድመዋት ደረጃው ላይ ቆመዋል። እሷ የእርጥበት መለኪያዋን ግድግዳ ላይ ስታስጠጋ እሳቸው አጠገቧ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እንደሚያፈስና የቀድሞ አባቶች መሠዊያ የቆመበት ግድግዳ እርጥበት እንደያዘ ተናገረች፤ ጥገናው በሦስት መቶ ሺ የታይዋን ዶላር ያልቃል አለች። ያንን ያህል ከዋጋው ላይ እንዲቀነስልን ልንለምን ነበር። እፎይ ብለን ተነፈስን።

“ሦስት መቶ ሺ የሲሚንቶው ብቻ ነው” አሉ አጎቴ። “ስምንት መቶ ሺ።”

እማማ ጓን የሚልጡትን ብርቱካን መሰል ፖሜሎ አስቀመጡ። ቤቱን የሚያሻሽጠው ደላላ ስልኩ ሲጠራ አነሳ፤ ሌላ ገዢ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ታች በሩ ላይ ደርሷል።

“ያንን ግድግዳ በእጁ የሠራው ባሌ ነው” አሉ እማማ ጓን መሠዊያው ላይ ወዳለው የሟቹ ፎቶ እያመለከቱ። “ስንት እንደሚያወጣ እሱን ጠይቁት።”

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። አጎቴ እጃቸውን ታጥበው ተንበረከኩና ሟች የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ከመሠዊያው አነሱ። እንጨቶቹ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎናቸው ክብ ነው። ተወርውረው አንዱ በጠፍጣፋው፣ አንዱ በክቡ ከታየ ሟቹ ተስማምተዋል ማለት ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ከታዩ እየሳቁ ነው። ሁለቱም ክብ ከሆኑ አልፈቀዱም።

አጎቴ ስምንት መቶ ሺ ብለው ወረወሩ። ሟቹ ሳቁ።

“ጋሽ ጓን፣ እርስዎ እኮ የዛሬን የሲሚንቶ ዋጋ አያውቁም” አሉ አጎቴ ለፎቶው፣ በትሕትና።

ከዚያ በሕይወቴ ያላየሁትን አየሁ፤ አጎቴ ግምት ቀነሱ። ስድስት መቶ ሺ አሉ። ሟቹ አሁንም ሳቁ። ወይዘሪት ፋንግ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣራው ትመለከታለች። አጎቴ ላብ በላብ ሆነው አራት መቶ ሺ አሉ። ሁለቱም እንጨቶች ክብ ሆነው ወደቁ። የሌላው ገዢ ኮቴ ደረጃው ላይ ይሰማል፣ ሹ-ፌን እጅጌዬን ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። አለቀልን ብዬ ነበር።

አጎቴ ግን ወደ ፎቶው ተጠግተው ግንባራቸውን መሠዊያው ላይ አስደግፈው ብዙ አንሾካሾኩ። የሰማ የለም። ወረወሩ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ክብ።

እማማ ጓን ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ደላላውን “ያንን ሰውዬ መልሰው” አሉት። መሐንዲሷ ልጅ ያለችው ይቀነስላቸው፣ ቤቱ የነሱ ነው አሉ። ሹ-ፌን እየጮኸች አጎቴን አቀፈቻቸው።

ስንወርድ የመጨረሻው ግምት ስንት እንደነበር ጠየቅኳቸው። አፍረው ወደ ባቡር ጣቢያው ያያሉ።

“ቁጥር አልጠራሁም” አሉ። “ልጆቹ ይግቡበት፣ እኔ ዝናብ በጣለ ቁጥር እየመጣሁ ግድግዳዎን አያለሁ አልኳቸው።”

ኪሉንግ ውስጥ ዝናብ ያልጣለበት ቀን የሚወራለት ቀን ነው። ስለዚህ አጎቴ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ እራት ይበላሉ፣ ለወጥ ቤቱ ምድጃ አዲስ ግምት ሰጥተው ይሄዳሉ። ትናንት ግን ሰማዩ ጠራ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሆነ። እራት ቀርቦ ሹ-ፌን ባዶውን የአጎቴን ሳህን አየች። ከዚያ ስልኩን አቀበለችኝ።

“ደውልላቸው” አለችኝ። “የሚያፈስ ነገር አለ በላቸው።”