ሞልቶ ያደረው ጠበል

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ። የተቀመጣችሁ ደገፍ በሉ። ዛሬ በአምስት ሆላንዳውያን ፊት የእናቴን ጠበል በማሽን አጣራሁ!

አዎ። ጠበል። በማጣሪያ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ መጨረሻው እናንተንም ይመለከታልና። በተለይ እሁድ ሮተርዳም ቤተክርስቲያን የነበራችሁትን።

ለማታውቁኝ፦ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ አስተምራለሁ። ምርምሬ የውሃ ጥራት ነው። ማስተርስ ብዬ መጣሁ፣ ፒኤችዲ ብዬ ቆየሁ፣ ፖስትዶክ ብዬ ከረምኩ። ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ፣ ከዚያ... ተባባሪ። አሁንም ተባባሪ።

ቤተክርስቲያን ሁሉም ሰው "ፕሮፌሰር" ይለኛል። እዚህ አገር ግን ሙሉው ማዕረግ ካልተሰጠሽ ፕሮፌሰር ብሎ የሚጠራሽ የለም። ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ "ኧረ ገና ነኝ" ብዬ አርሜያቸው አላውቅም። ጆሮ ደስ ይለዋል እኮ!

ሁለት ጊዜ የማዕረግ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ሁለቴም "ትንሽ ይቀርሻል" ተብያለሁ። የዛሬው ሦስተኛዬ ነበር። አራተኛ እንደሌለ በኢሜይል፣ በጣም በትህትና፣ ነግረውኛል።

ደክሞኛል። ይህችን አላሳምራትም።

የእናቴ ከተማ ከዝዋይ ብዙም አትርቅም። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ ዕድሜ ልክ ከተጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል። የእማዬ ጥርስ የበለዘ ነው፣ ጉልበቷም አልታጠፍ ብሏል። ሁለቱም የዚያ ጉድጓድ ሥራ ናቸው። እኔም ያንን ፍሎራይድ የሚያስቀር ርካሽ ማጣሪያ እሠራለሁ ብዬ ሃያ ዓመቴን ጨርሻለሁ።

ታዲያ ለኮሚቴው ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? "የማሳያችሁ ላብራቶሪ ውስጥ በተቀመመ ውሃ አይደለም፤ ከእናቴ ጉድጓድ በመጣ ውሃ ነው።" ጉራዬን እዩልኝ!

ውሃውን ያመጣችው ራሷ እማዬ ናት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ታናሽ ወንድሜ የጉድጓዱን ውሃ በአንድ ሃይላንድ ላከልኝ። እሷ ደግሞ ለጉልበቷ በሌላ ሃይላንድ ጠበል ይዛለች። ላስቲኩ አንድ፣ ክዳኑ አንድ፣ ሻንጣው አንድ።

ከስኪፖል ኤርፖርት ተቀብያት ካፔለ፣ ቤቴ ገባን። ፍሪጅ ውስጥ ሳስገባቸው ጠበሉ የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሙሉው ጠበል ነው፣ ያንቺው መንገድ ላይ ትንሽ ፈሶ ጎድሏል አለችኝ።

በቃ! ሙሉው የእሷ፣ ጎደል ያለው የእኔ። ምን ይጻፍበታል?

ይህን ያለችው ማን መሰለቻችሁ? ላብ ግድግዳ ላይ "ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ናሙና አይደለም፣ ውሃ ነው" ብላ የለጠፈች ሴት ናት። ስቲከር የሌለውን ጠርሙስ ባለቤቱ እያየ ሲንክ ውስጥ የምትደፋ ሴት ናት። ባለፈው ወር የአንዷን ተማሪዬን የሦስት ሳምንት ሥራ ደፋሁባት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስታየኝ "ለወደፊቱ ትምህርት ይሆንሻል" አልኳት።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እማዬ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ከጠበሉ ትጎነጫለች፣ ጉልበቷንም ታሽበታለች። ጠበሉ በየቀኑ ይጎድላል። የእኔው ውሃ እዚያው ባለበት ነው።

ሁለት ሳምንት።

አርብ ጠዋት፣ እማዬ ሳትነሳ፣ ፍሪጁን ከፍቼ የጎደለውን ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በሜትሮ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ዴልፍት ሄድኩ።

ገብቷችኋል አይደል? እኔ አልገባኝም ነበር። ዶክትሬት አለኝ እኮ!

ዛሬ ሰኞ አምስቱም የኮሚቴ አባላት ላቡ ውስጥ ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ከዴንሃግ የመጡ ሽበታም ሰው ናቸው። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ውሃው ሳይጣራ እለካዋለሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አጣርቼ እለካዋለሁ፣ ቁጥሩ ይወርዳል። እነሱ ያጨበጭባሉ፣ እኔ ፕሮፌሰር እሆናለሁ።

ሳይጣራ ለካሁት። ዜሮ ነጥብ ምናምን።

መለኪያውን አጥቤ ደገምኩት። ዜሮ ነጥብ ምናምን።

ፈገግ ብዬ "አንዳንዴ ጠዋት ላይ እንዲህ ያደርገዋል" አልኳቸው። ምን እንደሚያደርገው እኔም አላውቅም። ያለኝ አማራጭ ማጣራት ብቻ ነበርና አጣራሁት። ምንም የሌለበት ውሃ ገብቶ ምንም የሌለበት ውሃ ወጣ።

የላቡ ኃላፊ ማሪኬ ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ነገር ማለባበስ አታውቅም። ጠርሙሱን አነሳችና ዞር ዞር አድርጋ አየችው።

"ስቲከሩ የታለ?" አለችኝ።

ያኔ ሁሉም ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። ፍሪጁ። ሙሉው። ጎደል ያለው። የእማዬ ጉልበት።

መዋሸት እችል ነበር። መለኪያው ተበላሽቷል ብል ማን ያውቃል? ግን የገዛ ጽሑፌ ግድግዳው ላይ አፍጥጦብኛል። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቄ ይህ እናቴ ለጉልበቷ የምትጠጣው የተባረከ ውሃ ነው አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁልኝ ይሻለኝ ነበር!

አንዷ አባል ማን እንደባረከው ጠይቃኝ ማስታወሻ ያዘች። ሊቀመንበሩ "ኢንተሬሳንት" አሉ። እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሆላንዳዊ በዚያ ድምፅ ኢንተሬሳንት ካለ ነገሩ አልጣመውም ማለት ነው። ከዚያ ካላንደራቸውን ከፍተው ብዙ ፈለጉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሃያ ደቂቃ አለን፣ ትክክለኛውን ውሃ ስሙ ተጽፎበት ይዘሽ ነይ አሉኝ።

ሃያ ደቂቃ። ለሃያ ዓመት።

ይሁን፣ ምንም አይደል አልኩ። ትክክለኛው ውሃ ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ወንድሜ ሌላ ቢልክ እንኳ ለሐሙስ አይደርስም፤ ግን ለምን ይላክልኝ?

ቤት ስገባ እማዬ ፊቷ በርቷል። "ሚሚ" አለችኝ። (ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሚሚ ነኝ።) "የዛሬውን ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው እንጂ ቤትሽ ውስጥ ተአምር ሆኗል።"

አርብ ጠዋት ተነስታ ፍሪጁን ብትከፍት፣ ሊያልቅ የደረሰው ጠበል ሞልቶ አድሯል!

ስንት ጠዋት እንደጠጣችው አስቆጠርኳት።

አራት ጠዋት ጠጥታዋለች። ጉልበቷንም አሽታበታለች። እሁድ ደግሞ እኔ ስላይድ ላሳምር ቤት ስቀር፣ የቤተክርስቲያናችን እትዬ አስካለ በመኪናቸው መጥተው ቤተክርስቲያን ወሰዷት። በረከት ተደብቆ አይበላም ብላ ጠርሙሱን ይዛ ሄደች፤ ለሴቶቹ በትንንሽ ጠርሙስ አከፋፈለችው። እልልታው ቀልጦ ነበር አሉ።

ፍሪጁን ከፈትኩ። የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም። ማጣሪያው ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይፈልጋል።

መንገር ነበረብኝ። ያንን የበራ ፊት ማጥፋት ከኮሚቴው ባሰብኝ። "እማዬ፣ አልሞላም" አልኳት። "ጠበሉን አርብ እኔ ነኝ የወሰድኩት። አንቺ የጠጣሽው የጉድጓዱን ውሃ ነው።"

 ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እኔማ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "የቤታችን ውሃ ጣዕም አፌ ላይ ሲመጣብኝ፣ ቤቴ ናፍቆኝ ነው ብዬ ነበር።"

አለቀስኩ። ከናንተ ምን እደብቃለሁ? ከእናቴ አፍ ላርቀው ሃያ ዓመት የታገልኩትን ውሃ፣ በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ፍሪጄ፣ በባዶ ሆዷ አጠጣኋት። ደግሞ የምታጽናናው እሷ ናት። ዕድሜዬን የጠጣሁት ነው፣ በአራት ቀን ምን ይጨምርብኛል እያለች እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ከዚያ ፈረንጆቹ ጠበሉን ምን አሉት ብላ ጠየቀችኝ። ንጹህ ሆኖ ተገኘ አልኳት።

"ድሮስ!" አለች።

ስለዚህ እሁድ ከእማዬ ጠበል የተቀበላችሁ እናቶችና እህቶች፦ ጠበል አይደለም። የተጎነጨ አይደንግጥ፣ በአንድ ጉንጭ ማንም አይታመምም። ለልጆች ግን አትስጡ። የቀረውን ደግሞ እባካችሁ አትድፉት! እስከ ረቡዕ መልሱልኝ። ግማሽ ሊትር ከሞላልኝ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ። ካልሞላልኝ ተባባሪ እንደሆንኩ ጡረታ እወጣለሁ።

ከተከፋፈለው ትልቁ ጠርሙስ ያለው እትዬ አስካለ ጋ ስለሆነ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግስት ሰሙኝ።

"ፕሮፌሰር" አሉኝ፣ "ትምህርትሽን አከብራለሁ። ግን ከእሁድ ወዲህ የወገቤ ሕመም ለቆኛል፣ አልመልስም።"

ስለ ኬሚስትሪ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አቅሙም አልነበረኝም። በአሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው።

"እትዬ አስካለ፣ እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ለመሆን የእርስዎ ጠርሙስ ያስፈልገኛል።"

 ከዚያ ረቡዕ መጥተሽ ውሰጂው አሉኝ። በፊት በሚጠሩኝ ድምፅ ግን አልነበረም፤ ፕሮፌሰርም አላሉኝም።

አሁን ኩሽና ቁጭ ብዬ ስቲከር እየጻፍኩ ነው። ነገ ደግሞ ያቺን ተማሪ ፈልጌ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። ስም የሌለው ጠርሙስ ሲንክ ውስጥ የሚደፋ ከሆነ፣ ያልተሰጣትን ስም አሥር ዓመት ለጥፋ የኖረችውስ የት ነው የምትደፋው?