የኅዳር ሰማይ

ኅዳር ገባ፤ ሰማዩ ጠራ።

መምህርት አመለወርቅ በየወሩ መባቻ በከተማው ሬዲዮ እየቀረበች፣ በወሩ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሰማይ ላይ ምን እንደሚታይ ትናገራለች። ከክረምት በቀር ንግግሯን የምትከፍተው ሁልጊዜ በዚሁ ቃል ነው፤ «ሰማዩ ጠራ» ትላለች። ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ ጨረቃ ሰፈር ነው። ቀን ቀን ዓይን ስለሚበዛ የሰፈሩ ቤቶች በጨረቃ ነው የተሠሩት፤ የእሷንም ቤት ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሊት ሌሊት ጭቃ እየመረገ ነው ያቆመላት። በዚህ ዓለም የኔ የምትለው ሌላ ነገር የላትም።

ሰፈሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ክርክር ላይ ነበር። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሰው ያለበት ቤት እንዳይነካ ፍርድ ቤቱ አዟል፤ ባዶ ሆኖ የተገኘ ግን ይነሣል። አምና የታችኛው ረድፍ ሲፈርስ የዕድሩ ለፋፊ ጋሽ ጓንጉል ጥሩንባ ነፍቶ ሰው ስለጠራ፣ አፍራሾቹ ጥሩንባውን ቀሙት። ያለ ፈቃድ መጥራት ክልክል ነው ተባለ።

የኅዳር መባቻ ዕለት አመለወርቅ በሬዲዮ ጣቢያው ኮሪደር ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከአለቃው ቢሮ የእንግዳ ድምፅ ጆሮዋ ገባ።

«የጽዮን ዕለት ሌሊቱን ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአጥቢያ ዶዘሩን በአስፋልቱ በኩል እናስገባለን። እርስዎ ባዶ ቤቶች መነሣታቸውን ለዜና ይቅረጹልን።»

ፈራች። ከዚያ ፍርሃቱ እልህ ሆነባት፤ ባሏ የመረገው ግድግዳ እሷ ስታስቀድስ አይፈርስም።

አለቃው አቶ ልሳኑ ይባላል፤ ልሳኑ ግን ለሌላ ያደረ ነበር። ወደ ማይክሮፎኑ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ያዛት።

«መምህርት፣ የጨረቃ ሰፈር ሰው መሆንዎን አውቃለሁ። በቀጥታ ስለምንተላለፍ፣ አደራ፣ የመሬት ነገር እንዳያነሡብኝ።»

«መሬቱን ለእናንተ ትቻለሁ» አለችው። «እኔ ከሰማይ አልወርድም።»

ገብታ ተቀመጠች።

«ሰማዩ ጠራ» ብላ ጀመረች። «በዚህ ወር ጨረቃ ዙሪያዋን የብርሃን አጥር አጥራ፣ ቤት የሠራች የምትመስልበት ሌሊት አለ። የጨረቃ ቤት ያምራል፤ ዞር ያሉ እንደሆነ ግን ሲመለሱ አይገኝም። ሰባቱ ከዋክብትም ይታያሉ። አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው ደካሞች ናቸው፤ ተጠጋግተው ስለቆሙ ግን ማንም አይስታቸውም። ትልቁ ድብ የሚባለውን የኮከብ ቡድን ማየት የሚፈልግ ደግሞ በጽዮን ዕለት፣ በአጥቢያ ይጠብቀው። አመጣጡ በሰሜን ምሥራቅ ነው፤ በእኛ ሰፈር ላለ ሰው በአስፋልቱ በኩል ይሆናል። እሱን ለማየት የትም መሄድ አያስፈልግም፤ ሁሉም የየራሱ ደጃፍ ላይ ይቁም። እመቤታችንም ደጁን የሚጠብቅ ሰው አትቀየምም።»

ስትወጣ አቶ ልሳኑ እየሣቀ ተቀበላት።

«ድብ አሉ? በእኛ አገር ድብ የት አለና?»

«አንዴ ያየው ሰው አይጠይቅም» ብላው ሄደች።

ወደ ማታ ሰፈሯ ስትደርስ ጋሽ ጓንጉል መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቤቱ አምና ከፈረሰ ወዲህ ዘመድ ጓዳ ተጠግቶ ነው የሚኖረው።

«ሰማሁሽ፣ መምህርት።»

«ገባዎት፣ ጋሽ ጓንጉል?»

«በኮከብ ነገር ደንቆሮ ነኝ። ድቡን ግን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳዬን ድብ ሲያደርገው ቆሜ አይቻለሁ።» ባዶ እጁን አየ። «ጥሩንባዬ ብትኖር ኖሮ!»

«ይተዉት። ኮከብ ማየት አልተከለከለም።»

ከዚያ ወዲያ በቦኖ ውኃው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ ወሬው ሁሉ ኮከብ ሆነ። ኳስ መጫወት እንጂ ሰማይ ማየት የማያውቅ ጎረምሳ ሳይቀር «ድቡን ታያለህ?» እየተባለ ይጠየቅ ጀመር።

የጽዮን ዕለት ሌሊት ግን ሰማዩ ጉድ ሠራቸው። ያለ ወሩ ደመና ለበሰ፤ ለምልክት እንኳ አንድ ኮከብ አልነበረም። አመለወርቅ ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፏ ላይ ቆመች። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ደመናውን አይቶ፣ ምን ሊታይ ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ቢኖርስ? ብቻዬንም ብሆን ከዚህ ንቅንቅ አልልም አለች።

ከማዶ አንድ በር ሲጥ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ሽማግሌው በርጩማውን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ሁሉም እየወጣ በየደጃፉ ቆመ። ሁሉም አንጋጦ ደመናውን ያይ ጀመር። አመለወርቅ እንባዋ መጣ።

በአጥቢያ ዶዘሩ በአስፋልቱ በኩል እያጓራ መጣና፣ ሰዉን ሲያይ ቀጥ አለ። መብራቱ ከደጃፍ ደጃፍ ቢዞር ሰው የሌለበት ቤት አጣ። አቶ ልሳኑ መቅረጸ ድምፁን እንዳንጠለጠለ ከኋላ ከተከተለው መኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«ምንድን ነው የምታዩት፣ መምህርት? ደመና ነው እኮ!»

«ድቡን እያየነው ነው» አለችው።

አቶ ልሳኑ ዞሮ ዶዘሩን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጥሩንባ አልተነፋ፣ ደወል አልተደወለ! ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠራ?»

አመለወርቅ ደመናውን ቀና ብላ አየችና፣ «ሰማዩ ጠራ» አለች።