መኪኖች ቤተሰብ ሲያማርጡ

ትናንት እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገኝ ራሴን ለሽያጭ ቆሜ አገኘሁት።

ብቻዬን አልነበርኩም። በቀኜ ባለቤቴ ውድነሽ ቆማለች፤ ከእሷ ቀጥሎ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ኖላዊት፤ ከኖላዊት ቀጥሎ ደግሞ የውድነሽ እናት፣ አማቴ እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው ቆመዋል። ቦታው የቤተሰብ መኪና ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ስንዞርባቸው ከዋልንባቸው ግቢዎች አንዱን ይመስላል። ጠጠሩ ያው ነው፤ በገመድ ላይ የተንጠለጠሉት ባለ ቀለም ጨርቆችም ያው ናቸው። ግን በረድፍ የቆምነው እኛ ነን፤ መኪኖቹ በመካከላችን ቀስ እያሉ ይንሸራሸራሉ፣ እየዞሩ ከኋላ ያዩናል፣ ጎንበስ ብለው ጫማችንን ይመረምራሉ።

ደላላችን አህያ ነበር። ግራጫ ኮት ለብሷል፣ በጥርሱ ስንጥር ይዟል። መኪና ባለፈ ቁጥር ትከሻዬን በኮቴው መታ መታ እያደረገ ያሞግሰናል።

«ይህን ቤተሰብ እዩልኝ። አልተገጨም፣ ቀለሙም የራሱ ነው። አባትየው ነዳጅ አይበላም፤ ጠዋት ዳቦ በሻይ ካገኘ እስከ ማታ ይሄዳል። የእናትየው ሞተር ሰው አልነካውም።»

ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያሞገሰኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ቆምኩ።

አንዲት ግራጫ ባለ ሰባት ወንበር መኪና አጠገባችን ስትደርስ ቆመች። አሮጌ ናት፤ አቋቋሟ ግን የድሮ ርእሰ መምህርት ነው። ስፖኪዮዋን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዙራ አየችንና ወደ አማቴ ተጠጋች።

«ቀለሙ የራሱ ነው አልከኝ?» አለችው ደላላውን። «የእኚህ እናት ጸጉር ተቀብቷል።»

«ሂና ነው» አሉ እማማ ዘርፌ ረጋ ብለው። «አንቺም ብትሆኚ የፊት መከላከያሽ የተቀባ ነው።»

አህያው ስንጥሩን ዋጠው። መኪናዋ ግን መብራቷን አለስልሳ «እውነት ብለዋል፤ አጥር ነክቶኝ ነበር» አለች። አማቴን አደነቅኋቸው። እኔ ብሆን ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

«ካልተመረጥንስ ምን እንሆናለን?» ብዬ ደላላውን በጆሮው ጠየቅሁት።

በጆሮው ወደ ግቢው ጥግ አመለከተኝ። አንድ ወፍራም ፒንሳና ሁለት ካቻቪቴዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ያልተመረጠ ቤተሰብ ይፈታል» አለኝ። «ለመለዋወጫ። አባቱ አባት ለጎደለበት ቤት ይሄዳል፣ እናቱ እናት ለጎደለበት። አያት በተለይ ትፈለጋለች፤ አዲስ ስለማይገባ።»

ኖላዊት ሰምታ ኖሮ ወደ እኔ መጥታ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ውድነሽ ወደ ጥግ አየች፣ ካቻቪቴዎቹን ገመተቻቸው፣ ከዚያ ነጠላዬን አስተካክሉልኝ ለሚሉት እናቷ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው። የፈራች አትመስልም ነበር። እኔ ግን የኖላዊትን እጅ መልሼ ጨበጥኩ።

ግራጫዋ መኪና ጉሮሮዋን ጠረገች። «መልክ አላይም» አለች። «ሲደነግጥ እርስ በርሱ የሚያያዝ፣ ጠዋት ሲጠራ የሚነሣ፣ መንገድ የማይጠፋው ቤተሰብ ነው የምፈልገው። ከእናንተና ከነዚያ አንዱን እወስዳለሁ።»

«እነዚያ» ያለቻቸው ከጎናችን የቆሙትን ነው። ላስቲካቸው ገና ያልተቀደደ፣ አዲስ ቤተሰብ ነበሩ። አባትየው አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አዙሮ ማየት ይችላል። እናትየው በአምስት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ትላለች። መንትያ ልጆቻቸው ሲቀመጡ ቀበቷቸው ከሆዳቸው ራሱ ወጥቶ ይታሰራል። እውነቱን ለመናገር ውብ ቤተሰብ ነው፤ እኔ መኪና ብሆን ሳላስብ እነሱን ነበር የምወስደው።

ወዲያው ግቢው ጠፋና አስፋልት ላይ ነበርን። ያ አዲሱ ቤተሰብ ግራጫዋን መኪና በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል፤ እኛ ከኋላ እንከተላለን። በመንገዱ ዳር ትራፊክ ፖሊሱ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። በድንገት የእግረኛ ማቋረጫው፣ ያ ነጭና ጥቁሩ ዜብራ፣ ተነሥቶ ግራና ቀኝ አየና መንገዱን መሻገር ጀመረ።

አዲሱ ቤተሰብ ቀጥ አለ። የእያንዳንዳቸው ደረት ላይ ነጭ ትራስ ተነፋ። ማንም አልተጫረም፣ ማንም ማንንም አልነካም።

«ግሩም ነው» አለች መኪናዋ። እኔም በልቤ ግሩም ነው አልኩ።

ከዚያ እኛ ተሸከምናት። ከባድ አልነበረችም፤ በጀርባ እንደታዘለ ልጅ ሞቅ ትላለች። እንደሮጥን ዜብራው ተመልሶ መጣ። ቀጥ ስንል የውድነሽ ክንድ ሳታስበው ወደ ጎን ተወርውሮ ኖላዊት ደረት ላይ አረፈ። ይህን ክንድ አውቀዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይወረወራል፤ አጠገቧ የተቀመጠው የማታውቀው ሽማግሌ ቢሆንም ይወረወራል። አንድ ጊዜ እንጀራ ይዛ ስትሄድ እንጀራውን ደግፋ ያልደገፈችውን ተሳፋሪ ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻለሁ። ኖላዊት የአያቷን ነጠላ ያዘች፣ አያቷ የእኔን ቀበቶ ያዙ፣ እኔ ሦስቱንም ልይዝ ስል ሚዛኔን ስቼ ወደቅሁ። ሁሉም በላዬ ላይ ተከመሩ።

መኪናዋ ከላያችን ሆና ለረጅም ጊዜ አየችን።

«ወደቃችሁ» አለች።

«ወደቅን» አለች ውድነሽ። «ግን ተያይዘን ነው።»

መኪናዋ ክላክሷን ስታሰማ ነጋ። የሐምሌ ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ከአስፋልቱ አልተነሣም፣ ሁላችንም መሀል መንገድ ላይ አልጋ ላይ ተኝተናል። አዲሱ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ሰልፈኛ ተነሣ። በጣም ያምር ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይቅርታ» አለ አባትየው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ። «እየታደስን ነው። እባካችሁ አታጥፉን።»

እኛ ጋ ውድነሽ ብቻ ናት የተነሣችው። እኔ አንዴ ተነሥቼ ጠፋሁ፣ ደግሜ ተነሥቼ ጠፋሁ። ኖላዊት እንደ ልማዷ ተገፍታ ነው የምትነሣው። ተኝቼ ባለቤቴን አያታለሁ። ኖላዊት ሕፃን ሳለች ደረቷን ያመማት ክረምት ትዝ አለኝ። ውድነሽ በየጠዋቱ እሷን አዝላ፣ በዚያ ጭቃ እስከ ጤና ጣቢያው ትሄድ ነበር። አንድም ቀን «ዛሬስ ይቅር» ስትል አልሰማኋትም፣ አንድም ቀን አንተ ሂድ አላለችኝም። ያኔ አመስግኛት እንደሆነ አላስታውስም።

«አንተ እሷን ተደግፈህ ነው ለካ የምትሠራው» አለችኝ መኪናዋ። ያሰብኩትን ሰምታዋለች።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳት።

«አያሳፍርም። እኔም አንዱ ጎማዬ እንደዚያ ነው።»

ከዚያ እንደገና ትከሻችን ላይ ወጣች። አዲሱ ቤተሰብ እስካሁን እየታደሰ ነበርና ጥለነው ሄድን።

«አሁን እናቴ ቤት ውሰዱኝ» አለች። «ብርጭቆ ሰፈር ነው።»

ብርጭቆ ሰፈር አማቴ የኖሩበት፣ ውድነሽ ያደገችበት ሰፈር ነው፤ እኔ ሳላገባ በፊት ፈርሷል። አሁን በቦታው ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው ያሉት። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ከፈትኩ።

«ይቅርታ» አለኝ ስልኬ። «እኔስ የት ነው ያለሁት?»

ዞር ስል ፒንሳውና ካቻቪቴዎቹ ከኋላችን ይከተላሉ። አይቸኩሉም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

«በዋርካው በኩል ግቡ» አሉ እማማ ዘርፌ።

ይህ የእሳቸው ችግር ነው። ታክሲ ሲሳፈሩ ረዳቱን «ድሮ ዋርካው የነበረበት አውርደኝ» ይሉታል፤ ረዳቱ ዋርካው ሲቆረጥ አልተወለደም። እኔ ሁልጊዜ ከጎናቸው ሆኜ አዲሱን ስም እናገርላቸዋለሁ። አሁንም «እማማ፣ ዋርካው እኮ የለም» ልላቸው አፌን ስከፍት ዋርካው ከፊታችን ቆሞ ነበር። በሥሩ ሁለት ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች የሉም፤ በነበሩበት ቦታ ሰማይ ብቻ ነው። የፈረሰው ሁሉ ቆሟል፣ የቆመው ሁሉ ጠፍቷል።

«ከዋርካው ወደ ታች» አሉ እማማ ዘርፌ። «ብስክሌት አከራዩን አልፋችሁ፣ ከዚያ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ።»

ብስክሌት አከራዩ በሩ ላይ ነበር፤ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም አላቸው። ወፍጮ ቤቱ ዱቄት ያቦናል። አማቴ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። በእውኑ ዓለም ደረጃ ሲወጡ ክንዳቸውን እይዛለሁ፤ እዚህ ግን ልደርስባቸው አልቻልኩም። አንድም ጊዜ ሳያመነቱ፣ አንድም ጊዜ ማንንም ሳይጠይቁ በጠባቡ መንገድ እየታጠፉ ወሰዱን። ይህን ሁሉ ከተማ በራሳቸው ውስጥ ተሸክመው ስንት ዓመት ታክሲ ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል ብዬ አሰብኩ።

መንገዱ አንድ ቆርቆሮ አጥር ጋ አለቀ። በአጥሩ ውስጥ፣ አራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ ጎማም መስታወትም የሌላት የዛገች መኪና አለች። በወለሏ በኩል ሣር በቅሏል።

«እማዬ» አለች ግራጫዋ መኪና፤ ከትከሻችን ወርዳም ቀስ ብላ ተጠጋቻት።

ውድነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይቺን አውቃታለሁ» አለች። «የጎረቤታችን ናት። በልጅነቴ መሪዋን ይዤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ናዝሬት አደርሳቸው ነበር።»

«ሐዋሳም ወስደሽናል» አለች የዛገችው። ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን የሳቀች ይመስላል። «ዝናብ ሲመጣ ከነ ደብተራችሁ ትገቡ ነበር። እኔ በዕድሜዬ አንድ ልጅ አልጣልኩም። አንድ ሰው አልገጨሁም። የማንም መንገድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሞተር የለሽም ይሉኛል፤ እናንተ ግን ከእኔ ስትወርዱ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ደርሳችሁ ነበር።»

ውድነሽ ገብታ በተቀዳደደው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኖላዊት ከጎኗ ገባች። ውድነሽ መሪውን ያዘችና ባዶ እጇን፣ መኪናዋ ቆማ ሳለች፣ ኖላዊት ደረት ላይ አደረገች። ያ ክንድ የት እንደተማረ ያን ጊዜ ገባኝ። እንባዬ መጣ። እማማ ዘርፌ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የራሳቸውን ቤት ቆመው ያያሉ፤ በሩ ተከፍቷል፣ መጋረጃው በነፋስ ይንቀሳቀሳል። አልገቡም። ማየቱ የበቃቸው ይመስለኛል።

«ይህን ቤተሰብ ወስጃለሁ» አለች ግራጫዋ መኪና።

ፒንሳው ወደ ፀሐይዋ አመለከተ። ጫፏ ብቻ ቀርቷል። «ካስነሣሻቸው ነው» አለ።

መኪናዋ ቁልፍ አውጥታ ጆሮዬ ውስጥ ከተተችና አዞረችው። ደረቴ ትር ትር አለና ጠፋ። ደግማ አዞረች። ትር ትር ብሎ ጠፋ። ካቻቪቴዎቹ ወደ ፊት ተራመዱ፤ አንደኛው ትከሻዬ ላይ ያለውን ብሎን በጣቱ ይፈልጋል።

«ባትሪው ነው» አለች መኪናዋ። «ግፉት።»

ባለቤቴና ልጄ ከዛገችው መኪና ዘለው ወርደው ከኋላዬ መጡ። አማቴም መጡ። የሦስቱም እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ። «አንድ፣ ሁለት...» አሉና ገፉኝ። ንቅንቅ አልልም። እንደገና ገፉ።

ዓይኔን ስከፍት ግንባሬ መሪ ላይ ተደፍቶ ነበር። ወንድሜ ለዕለቱ ያዋሰን መኪና ውስጥ ነኝ። ከመሸጫ ግቢዎቹ ስንመለስ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብላብን፣ ሦስቱ ሊገፉ ሲወርዱ እኔ መሪ እንድይዝ ቀርቼ ነበር። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያንባርቃሉ። በስፖኪዮ ሳይ ውድነሽ፣ ኖላዊትና እማማ ዘርፌ ተጎንብሰው፣ ላብ በላብ ሆነው ይገፋሉ።

«ተዪው ልጄ፣ አትቀስቅሺው» አሉ እማማ ዘርፌ እያለከለኩ። «ሲዞር ውሎ ደክሞታል። እኛ እንበቃለን።»

«መተኛቱንስ ይተኛ፣ እማዬ» አለች ውድነሽ። «እጅ ፍሬኑን ስቦ ነው እኮ የተኛው።»