ጋሽ ቢሆንስ እና ሠላሳ አንደኛው መስፈርት

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ስብሰባው አልቆ፣ ደብተር ተከድኖ፣ ወንበር ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር እጁን የሚያነሣ። «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል። ያቺ አንዲት ነገር አርባ ደቂቃ ትፈጃለች።

ለሶፍትዌር ቡድኑ መሪ የደረሷት ጋሽ ቢሆንስ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ማን አስታውሶት! ክቡርነታቸው የደኅንነት ባለሙያ ናቸው። ፕሮግራሙ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረው ሰነድ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና ጣታቸውን መጀመሪያው መስመር ላይ ያሳርፋሉ። «ቢሆንስ ልጄ? ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ቢለጥፈውስ? ከሥራ የወጣ ሰው በማግስቱ ቢገባስ? ተመልከቺ፣ ሌባው በዚህ በኩል ነው የሚመጣው!» ምን አለፋችሁ፣ አሥር መስፈርት ይዞ የገባ ሰነድ ሃያ ይዞ ይወጣል።

የበሩን ዘበኛ እንኳ አልማሩትም። «እኔ እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?» አሉት አንድ ጠዋት።

«ኧረ ጋሼ! አሥር ዓመት ሙሉ ሰላም ስንባባል?»

«ቢሆንስ፣ እኔን የሚመስል ሰው ቢመጣ?»

ዘበኛው አሰበበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሠራተኛው ሁሉ መታወቂያ የሚጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በየቀኑም ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። የልደት ቀናቸውንማ ማንም አያውቀውም፤ ለይለፍ ቃል መገመቻ ይሆናል ብለው ደብቀውታል። ባልደረቦቻቸው በግምት ኬክ ገዙላቸው። ሁለት ቁራጭ በሉና «ቀኑ ግን አይደለም» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

ሳቁ ያበቃው የአንድ ክሊኒክ ሥራ ሲመጣ ነው። የታካሚዎችን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ፕሮግራም ነበር። ሰነዱ ሐሙስ ካልተፈረመ ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፤ ቡድኑም ይበተናል። ታዲያ ጋሽ ቢሆንስ ረቡዕ ከሰዓት ሠላሳ አንደኛውን መስፈርት አልጨመሩም መሰላችሁ! «መዝገብ የከፈተ ሠራተኛ ሁሉ ማን እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደከፈተ ይመዝገብ። ታካሚውም ሲጠይቅ ይነገረው።»

የክሊኒኩ ኃላፊ በስልክ ጮኹ። «ሠራተኞቼን ሌባ ልትሉብኝ ነው? እሱ ካልወጣ አልፈርምም!»

መሪዋ ሰነዱን ይዛ የጋሽ ቢሆንስ ክፍል ገባች። «ጋሼ በሞቴ፣ ይቺን አንዷን ይተዉልኝ።»

«ሌሎቹን ሠላሳውን ሰርዢ። ይቺን ግን አትንኪብኝ።»

እንዴ! እሳቸው ሠላሳ መስፈርት ሲለቁ? ንዴቷ ቀርቶ ጉጉት ያዛት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሺ፣ ሁልጊዜ ሌባው፣ ሌባው ይላሉ። ሌባው ምን ይመስላል?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ያኔ ቀጭን ነበር» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን የአክስቱን ልጅ ስትታከም አያትና ምን ሆና ይሆን ብሎ ፋይሏን ገለጠ። ለክፋት እንዳይመስልሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ቤት ገብቶ ለእናቱ ነገራት፣ እናቱ ለጎረቤት። ልጅቷ ለማንም ያልተነፈሰችው ነገር ነበር። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ልብሷን ሰብስባ ጠፋች። ማን እንዳወጣባት እንኳ አታውቅም፤ የከፈተውን ሰው የሚመዘግብ አልነበረማ። እስከ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።»

ሌባው ማን እንደሆነ ገባት። አንጀቷን በሏት፤ ሰነዱን እንዳለ ይዛው ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት የክሊኒኩ ኃላፊ ሰነዱን ገለጡ፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ከደኑ። «አልወጣም? እኔ ጋ የሚሠሩት ጨዋ ልጆች ናቸው አልኩ እኮ! ይሄን የምትሉትን ሌባ ታውቂዋለሽ?»

ጋሽ ቢሆንስ ከጠረጴዛው ጥግ አንገታቸውን ደፉ።

«አውቀዋለሁ» አለች መሪዋ። «በጣም ጨዋ ሰው ነው። ለማወቅ ያህል ብቻ የዘመዱን መዝገብ ከፈተ፣ ዕድሜ ልኩን ጸጸተው። ያን ቀን ‹ለምን?› ብሎ የሚጠይቀው ቢኖር ኖሮ አፍሮ ይዘጋው ነበር። ልጆችዎን ከዚህ ላድንልዎት ነው።»

ኃላፊው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «የኔም መዝገብ ለካ እዚያው ነው ያለው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ያህል። ፈርመው ሄዱ።

ደብተር ተከደነ፣ ወንበር ተንሸራተተ፣ ሰዉ ወጣ። ጋሽ ቢሆንስ እጃቸውን አላነሡም። መሪዋ በሩ ጋ ቆመች፤ ያ የሰለቻት «አንዲት ነገር ብቻ» እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንዲት ነገር የለችም?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንስ ልጄ… ፈልጌ ባገኛትና፣ እኔ ነኝ ብላትስ?»

መሪዋ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳ ጎናቸው ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።