ሐምቡርግን የከሰሱት ሼህ

ፈረንጅን የሚረግም ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አብዛኞቹ ረጋሚዎች ግን ፈረንጅ አገር ረግጠው አያውቁም፤ የሚሰድቡት በወሬ ነው። የሰፈራችን የሄርማታ ክቡር ከሳሽ፣ ሼህ ጅብሪል፣ የዓይን ምስክር ነበሩ። ሙያቸው ቡና ቀማሽነት ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ሙያዎን ያሻሽሉ ብሎ ጀርመን አገር፣ ሐምቡርግ ላካቸው። ስምንት ወር ቆዩ። ያን ስምንት ወር ለመክሰስ ዐሥር ዓመት አልበቃቸውም።

ችሎቱ የሚሰየመው በእኔ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ከየቡ እና ከደዶ ገጠር ለገበያ የመጣው ገበሬ ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

«ውሻው አልጋ ላይ፣ አባትየው መጦሪያ ቤት!» ይላሉ ጣታቸውን አንስተው። «ሰውየው ወንድሙን ለመጠየቅ ቀጠሮ ይይዛል። የገዛ ወንድሙን! ወንድና ሴቱ መንገድ ላይ ይሳሳማል፤ ጎረቤታሞች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግን ሰላም አይባባሉም። ይህን ነው ሥልጣኔ የሚሉት!» መዝጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰው አይደሉም አላልኩም፤ ሰው አጡ እንጂ!»

አንድ ቀን የሥራ ጓደኞቻቸው «ውኃ ቤት እንሂድ» ብለው ወሰዷቸው። ሼሁ ገላ መታጠቢያ መስሏቸው ሳሙናቸውንና ፎጣቸውን ይዘው ሄዱ። ሲገቡ ወንዱም ሴቱም ከጨርቅ ቁራጭ በቀር ራቁቱን በአንድ ገንዳ ውስጥ ይንቦጫረቃል። «ሳሙናዬን እንደጨበጥኩ እስከ ማደሪያዬ ሮጥኩ» ይላሉ። አንድ የደዶ ገበሬ፣ «ሼሃችን፣ ይህን ሁሉ ለማየት ስንት ጊዜ ተመላለሱ?» ቢላቸው፣

«አስተግፊሩላህ! ለቀማሽ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል» አሉት።

እኔንም አይምሩኝም። «አንተ ሆሴዕ፣ ደህና የከምባታ ልጅ ነበርክ፤ ሚሲዮን ፈረንጅ አደረገህ።» እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ ነውና በክርክር በቀላሉ አልረታም።

«ሼሃችን፣ ወንጌል ከሐምቡርግ አልመጣም» እላቸዋለሁ።

«በሐምቡርግ በኩል ግን አልፏል!»

በ1972 ዓ.ም. ጸሎት ቤታችን ታሸገ፤ ልጄ አልዓዛርም ታሰረ። እናቱ ተስፋነሽ በየቀኑ ስንቅ ታደርሳለች። ዘበኛው ሙሉውን ሳህን ተቀብሎ ባዶውን ይመልስላታል፤ ቃል አይተነፍስም። ምግቡን ልጃችን ይብላው ዘበኛው ይብላው፣ ልጃችን በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። ሄርማታ ሁሉ ደጃችንን ሸሸ። አልፈርድባቸውም። የታሳሪ ቤት መግባት እንደ ተላላፊ በሽታ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ሼሁ ያን ሰሞን ለቡና ሥራ ወደ የቡ ወርደው ሰንብተው ነበር። በተመለሱ ማግስት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሽበሺ፣ ስለ ምዕራባውያን ብልሹ ኑሮ ለሕዝቡ እንዲናገሩ ጋበዛቸው። እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ብቀር ስሜ ስለሚያዝ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሼሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሐምቡርግን ገሸለጧት፤ ሽበሺ ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የነበርኩበት ሕንፃ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቶ በዐሥራ አንደኛው ቀን ተገኘ። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን እያየ ያልፍ ነበር።»

አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠ።

«ከንፈራችሁን አትምጠጡ! የሆሴዕ ልጅ ከታሰረ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። በሩን እያያችሁ የምታልፉት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ሐምቡርግ ለመድረስ አውሮፕላን ምን ያደርግላችኋል?»

«ጓድ ሼህ፣ ከርዕሱ ወጥተዋል!» አለ ሽበሺ።

«ርዕሱ ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ከመድረኩ አውርደው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ወሰዷቸው። በማግስቱ የሄርማታ ሴቶች ለሼሁ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። ሲመለሱ ኩልሱም የምትባለው ጎረቤታችን ግራ ቀኟን አይታ ወደ እኛ ቤት ገባች። ከእሷ በኋላ ማንም ግራ ቀኝ አላየ።

ሼሁ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይሄዱ እኛ ዘንድ መጡ። ከስተዋል፤ ጺማቸው ተንጨባሯል። ተስፋነሽ መጠየቅ ፈርታ ቆማ ቀረች።

«ጎን ለጎን ነበር የተኛነው» አሉ ሼሁ። «ልጅሽ ደህና ነው። ስንቅሽም ይደርሰዋል። ግን አደብ አላስተማራችሁትም! ሲጸልይ ይጮኻል። አላህ ደዶ ያለ ይመስለዋል። አንድ ቀን እንኳ የንጋቱን ሱብሒ በሰላም አላሰገደኝም።»

ተስፋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«ይጩህ፣ ሼሃችን» አለች። «እባክዎ፣ ይጩህ።»