ይሄን ማን ነው የሠራው?

ቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በሐዘን ነው። ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ ይንበረከካል፣ ከእሱ በፊት የመጣው ሰው የሠራውን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄን ማን ነው የሠራው?» ይላል። ይህን ሳይጠይቅ መፍቻ ያነሳ ቧንቧ ሠራተኛ ገና አልተወለደም።

የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» የሚለው ግን በዚህ ጥያቄ የሚስተካከለው አልነበረም። ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ደረት ኪሱ ላይ በተርታ የሚሰካቸው አራት እስክሪብቶዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አይጽፉም። ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ይላል፤ ከጀርባው ካርታ ሲበወዝ ይሰማል። ሦስት ቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ የሚፈለገው መፍቻ ሁልጊዜ አራተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእመቤቲቱ ቢላዋ ይዋሳል፣ ማንኪያ ይዋሳል። አንዲት ሴት የተዋሳት ሹካ እስከ ዛሬ ከእጅ መታጠቢያዋ ሥር አንድ ነገር ደግፎ ቆሟል፤ እንዳይነካም አስጠንቅቋታል። በአንድ ቤት ቀዝቃዛው ሲከፈት ሙቅ ይመጣ ነበር። ቅሬታ ሲቀርብለት፣ «እስካሁን አልለመዱትም?» አለ። ሰዎቹም ለመዱት።

መምህርቷ ግን የምትለምድ ሰው አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማረች፣ የብረት ምጣድ ዋስትና እንኳ በቀን ተራ ማኅደር ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል የከረመች ታላቅ እህቷ ሐሙስ ልትወጣ ነው፤ ቁርጡን ነግራታለች። «መታጠቢያ ቤትሽ የሚሠራ ከሆነ አንቺ ጋ፣ ካልሆነ ወንድማችን ጋ። በባልዲ ሰው አያጥበኝም።» የወንድማቸው ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። መምህርቷ ብቻዋን እራት መብላት አንገፍግፏት ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ማክሰኞ የሻወሩ ግድግዳ አብጦ ውሃ ሲያነባ አየችና፣ የሠራው እሱ ነውና ያስተካክልልኝ ብላ ኢንጂነሩን ጠራች።

ረቡዕ መጣ። ተንበረከከ። ግድግዳው ላይ ያለውን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ።

«ቲቸር፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?»

መምህርቷ አፏ ላይ የመጣውን መልስ ዋጠችና ደብተሯን ገለጠች። «ምን ሆነ?»

«ምን ያልሆነ አለ? መገጣጠሚያው ጠማማ። ክር የሚባል አልተጠቀለለበትም። ይሄ የሚያዩት ደግሞ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪ ነው። ቧንቧን በካላማዳሪ የሚያስር ሰው ህሊና አለው ይላሉ?»

«ቀስ በል፣ እየጻፍኩ ነው። ህሊና የለውም?»

«የለውም። ሙያም የለውም ብለው ይጨምሩ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔ?» እጁን እስክሪብቶዎቹ ላይ አሳረፈ። «ግድግዳውን ሰብሬ፣ አሮጌውን አውጥቼ፣ በአዲስ። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም እያልን እኮ ነው የተበላሸነው ቲቸር። መጠየቅ አለበት።»

«ልክ ነህ» አለችና ከማኅደሯ አንድ ወረቀት መዝዛ ሰጠችው። የሥራው ዓይነት፣ ቀኑ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ሚኒስትር የተንቀባረረ የራሱ ፊርማ።

ኢንጂነሩ ይለቅ እንደሆነ ፊርማውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለ።

«አምና ነው።»

«ሰው በዓመት ያድጋል።»

መምህርቷ አልሳቀችም። «ጠማማ፣ ክር የሌለው፣ ህሊና የለውም፣ ሙያ የለውም። ያልከው ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ፈርምና ያልከውን ሁሉ ዛሬ ትሠራለህ። ነገ እህቴ ትመጣለች።»

እስክሪብቶዋን ተቀበለ፤ ግን አልፈረመም። ዓይኑ የድሮው ወረቀት ላይ ቀርቷል።

«ይሄ ቀን ጋሼ የተቀበሩ ማግሥት ነው አይደል?»

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ ቀኑን አየች።

«ቤቱ ሰው ሞልቶ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ግድግዳው መሰበር እንዳለበት ያኔም አውቅ ነበር። መዶሻውን ሳነሳ እህትዎ እየሮጡ መጡ፤ 'እባክህ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን ነው እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋት' አሉኝ። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነበሩ እርስዎ። በዚያ ላይ እንዴት ልምታ? ወጣሁና ከራሴ ብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ አሰርኩት፤ በእግሬ ነው የሄድኩት። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።»

«አልተመለስክም።»

«አልተመለስኩም። እሱን ይጻፉት።»

መምህርቷ «ህሊና የለውም» የሚለውን ሰረዘች። የቀሩትን አልነካችም። ከሥራቸው «ተመልሶ አልመጣም» ብላ ጨመረችና ደብተሩን ዘረጋችለት። ፈረመ።

«በል ምታ» አለችው፤ «የተኛ ሰው የለም።»

እስኪመሽ መታ፣ አዲሱንም ገጠመ። ሐሙስ ማንም ሳይጠራው፣ በሰዓቱ መጣ። እህትየዋ በሩን ዘግታ ስትታጠብ እሱና መምህርቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመው የደረቀውን ግድግዳ በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ መምህርቷ በሩን አንኳኳች።

«ለኔም ሙቅ ውሃ ተይልኝ እንጂ!»

«ይተዉአቸው ቲቸር» አለ ኢንጂነሩ። «እኔ የሠራሁት አያልቅም።»

መምህርቷ ሄዳ ወንበር አመጣችለት።